የእትዬ ታማራ ድምፅ

ባለፈው ጥር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ስትቀይር ዕቃ ላግዛት ቶሮንቶ ውስጥ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቅ ሄድኩ። ልጇ በረዶ ሲያቦካ የዋለበትን የሱፍ ጓንት አውልቆ የማሞቂያው ብረት ላይ ወረወረው። ብዙም ሳይቆይ ሽታው ባዶውን ሳሎን ሞላው። እርጥብ ሱፍ ሲሞቅ የሚያወጣው፣ የበግ ጠጉርና የተቃጠለ አቧራ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ነው። ባልደረባዬ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ከፈተች። እኔ የተሸከምኩትን ካርቶን አስቀምጬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ማሞቂያ ላይ የኔ ጓንት ተዘርግቷል፤ እትዬ ታማራ በሩ ላይ ጆሯቸውን ደግነዋል፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በይ ይሉኛል።

ያኔ የምንኖረው ከዳንፎርዝ ጎዳና ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ በሥራ ቀን ሺፍቷ የሚጀምረው እኔ ከክፍል ሳልወጣ ነው። አባዬ የሕንፃ ማሞቂያ የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ስለነበረ ብርዱ በጠና ቁጥር የሚገባው አምሽቶ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እስከ እራት ያለውን ጊዜ የማሳልፈው ፊት ለፊታችን ካለው በር ኋላ፣ እትዬ ታማራ ዘንድ ነበር።

እትዬ ታማራ ከሩሲያ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ይዟቸው የመጣው ወንድ ልጃቸው ሥራ አግኝቶ ሩቅ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ብቻቸውን ቀሩ። አባዬ በወጣትነቱ ሶቭየት ኅብረት ተልኮ ምህንድስና ስለተማረ ሩሲያኛን እንደ ውኃ የጠጣ ሰው ነው። የተዋወቁት ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍቱ መሐል ላይ ቀጥ ሲል ሴትዮዋ በሩሲያኛ መራገም ጀመሩ፤ አባዬ ከኋላ ሆኖ እርግማኑን ጨረሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ብቻ አልሆኑም።

ስሜ ብሌን መሆኑን በነገርኳቸው ቀን ሳቁብኝ። ብሊን ማለት በሩሲያኛ ስስ ቂጣ ነው አሉ። እኔም የዓይን ብሌን ነኝ እንጂ ቂጣ አይደለሁም ብዬ አኮረፍኩ። አባዬ ሲተረጉምላቸው ደንግጠው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ብሌኖችካ ሆንኩ። እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እኔ በለቃቀምኳት ሩሲያኛ፣ ሁለታችንም በእጃችን እየተረዳዳን ከሰዓቱን እንገፋዋለን። ‘ሲዲ’ ሲሉኝ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ‘ዬሽ’ ሲሉኝ ብዪ ማለታቸው ነው። ከዚህ የበለጠ ብዙም አያስፈልገንም ነበር።

በዚያ የበረዶ ወራት ግን ቤታቸው ተለወጠ። ስልካቸው ይጮኻል፤ ያነሳሉ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያዳምጣሉ፣ ይዘጉትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቱታል። አባዬ ሊወስደኝ ሲመጣ ደግሞ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍተው፣ ውኃው እየወረደ፣ በጆሮው ያንሾካሹኩለታል። ስልኩ ሞቆባቸው ነው ብዬ ነበር፤ በስልኩ በኩል ሰው እንዳያዳምጣቸው ፈርተው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን እኔም የአባዬን ስልክ ቅቤው አጠገብ ከትቼው ሲፈልገው አመሸ።

ስልኩን ካገኘ በኋላ ሊቆጣኝ ጀመረና ተወው።

«እትዬ ታማራ ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«ቬራ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ እዚያው አገራቸው ናት። እሳቸው በነበሩበት ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። እዚያ ምርጫ ሲደረግ ሰው የሚመርጠው ትምህርት ቤት ሄዶ ነው፤ የሚያስመርጡትም አስተማሪዎቹ ናቸው። በመስከረም የአገረ ገዥ ምርጫ ነበር። ቬራ ድምፅ ሲሰርቁ አይታ በስልኳ ቀረፀቻቸው።»

«እነማን ናቸው የሚሰርቁት?»

«አለቆቿ።»

«የማንን ድምፅ?»

«የከተማውን ሰው ሁሉ» አለኝና ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

እኔ በማውቀው አማርኛ ድምፅ ማለት ጉሮሮ ውስጥ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዓይኔን ስጨፍን ያችን ከተማ አያት ነበር። ሰዎች አውቶቡስ ጥበቃ ተሰልፈዋል፣ አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል፣ ምንም አይሰማም። እትዬ ታማራም የሚያንሾካሹኩት የተረፈቻቸው ያች ብቻ ሆና ነው ብዬ አመንኩ። አዘንኩላቸው፤ የኔን እንዳይወስዱት ደግሞ በመንገድ ላይ አፌን በስካርፍ መሸፈን ጀመርኩ። እማዬ ብርድ ፈርቼ መስሏት ደስ አላት።

ስለ ቬራ ሲያወሩ ‘ሲዲት’ የምትል ቃል ትደጋገማለች። ተቀምጣለች ማለት እንደሆነ ገብቶኝ፣ እንኳን ተቀመጠች፣ ደክሟት ይሆናል አልኩ። ሩሲያውያን ታሰረ ለማለት ተቀመጠ እንደሚሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ፖሊሶች ከምርጫ ጣቢያው ጎትተው ሲያወጧት በቦርሳዋ አንዱን መትታለች ብለው ከሰዋት ነበር።

የካቲት ላይ ቪክቶር የሚባል ሰው መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ እግሩን ለእግሩ አስተካክሎ አስቀመጠው፣ የእትዬ ታማራን እጅ ሳመ፣ ለኔ ባለ ድብ ሥዕል ቸኮሌት አወጣልኝ። እንግሊዝኛው ከአስተማሪዬ እንግሊዝኛ አያንስም። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሻዩን እያማሰለ በሩሲያኛ ለረጅም ጊዜ አወራ፤ እትዬ ታማራ ቀይ ሆኑ፣ ከዚያ አመድ መሰሉ። በመሐል ወደ እኔ ዞሮ፣

«አባትሽ ሩሲያኛ ይችላል አሉ፤ ጎበዝ ነው። የት ነው የሚሠራው?» አለኝ።

መልሴ ከአፌ ሳይወጣ እትዬ ታማራ ደብተሬን አንስተው ክንዴን ያዙኝ። «ልጅቷ የቤት ሥራ አለባት» አሉት። ወደ መኝታ ቤታቸው አስገብተው በሩን ዘጉብኝ።

እዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቸኮሌቴን እየበላሁ ነገሩን ሁሉ ፈታሁት። እጅ ስሟል፣ ስጦታ ይዟል፣ በለሰለሰ አነጋገር ይለምናል፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሽምግልና ነው። ሊያገባቸው ነው! ማታ ከሥራ እስክትገባ ጠብቄ ለእማዬ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። አባዬ ግን አልሳቀም፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው? ስሙን ተናግሯል?» አለኝ። እማዬም ሳቋን አቆመች።

ቪክቶር የፈለገውን ነገር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናትና አባቴ ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ነው የሰማሁት። እዚህ ያሉ ሩሲያውያንን የማሰባስብ ሰው ነኝ ብሏቸዋል፤ ከቬራ ከተማ ግን መልእክት ይዟል። እናትየው ካሜራ ፊት ተቀምጠው፣ ልጄን የውጭ ሰዎች አታለዋት ነው፣ ድሮም አእምሮዋ ጤነኛ አልነበረም፣ ቀረፅኩ ያለችውም ውሸት ነው ይበሉ። ይህን ካሉ ዳኛው ይራራላታል። ካላሉ ደግሞ፣ እስር ቤት ለአንዲት ለስላሳ አስተማሪ ክፉ ቦታ ነው። ይህንንም ያለው በትሕትና ነው አሉ።

«በሰው አገር፣ በሌላ ሰው ፖለቲካ ውስጥ አንተን ምን ዶለህ?» ትላለች እማዬ።

«ሴትዮዋ ሰው የላቸውም። የሚሰማቸው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ነገ ያ ሰውዬ የኛን በር ቢያንኳኳስ?»

«እረፊ እንጂ፤ ካናዳ ነው ያለነው።»

«እሱስ የት ነው ያለው?»

 እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትሮጥ በመስኮት አየኋት።

የማርች ብሬክ የሚባለው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ እትዬ ታማራ በራችንን አንኳኩ። ሐር መሰል ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ከንፈራቸውን ተቀብተዋል።  አባዬን ስልክ እንዲይዝላቸው ሊለምኑት ነው የመጡት። እማዬ ከጠዋት ሺፍት አልተመለሰችም ነበርና አባዬ እኔን ብቻዬን ትቶ መሄድ ስላልፈለገ ይዞኝ ገባ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ፤ ምንም ድምፅ እንዳታሰሚ አለኝ አባዬ።

ከመቅረፁ በፊት ግን አንድ ነገር ነገራቸው። ቆሞ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ በሩሲያኛ ቀስ እያለ ተናገረ። ያን ዕለት ከስም በቀር የገባኝ አልነበረም። በአማርኛ የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ሰሎሞን ተይዞ ነበር። ቀበሌ ሴት አያቴን አስጠርቶ፣ ሕዝብ ፊት ቆመው ልጄ ፀረ ሕዝብ ነው ካሉ ይፈታል አሏቸው። አባዬ ልጅ ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። አያቴም የተባሉትን አሉ። አልተሰማም ተብለው ደገሙት። ሰሎሞን ግን አልተፈታም፤ ሬሳውንም አልሰጧቸውም። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ የዚያን ልጅ ስም ግን እስኪሞቱ አንድ ቀን አፋቸው አልጠራውም።

«ይበሉ ወይም አይበሉ አልልዎትም» ብሏቸዋል አባዬ። «ልጅዎ ናት። እኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎ።»

እትዬ ታማራ ተነሱ። ወንበራቸውን ከመስኮቱ ፊት አስተካከሉ፣ አባዬም ስልኩን አነሳ። ጀመሩ። ስማቸውን አሉ፣ ቬራ አሉ፣ ከዚያ ቆሙ። እጃቸውን አወዛወዙለት፤ አጥፋው ማለታቸው ነው። ውኃ ጠጡ። የተቀባው ከንፈራቸው ብርጭቆው ላይ ታተመ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና በዚያችው ቃል ላይ ቆሙ። እኔ ፈተና ላይ መልሱ የጠፋባቸው መስሎኝ ጠጋ ብዬ ላበረታታቸው ሁሉ አሰብኩ።

ሦስተኛው ላይ ስማቸውንም አልጠሩም። ካሜራውን ትተው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። እያወሩ በጣታቸው የሌለ ወረቀት ያጥፋሉ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ ይደራርቡና በሸሚዛቸው ደረት ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ ያወጡና ቀዳዳ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ወደ ታች ይገፋሉ። ደጋግመው እንዲህ አደረጉ። አባዬ የያዘው ስልክ ዝቅ ዝቅ ሲል አየሁ፤ በሁለት እጁ ደግፎ መልሶ አቀናው። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፤ እንዳይንቀሳቀስ ብሎ አልጠረገውም። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበረ እርሳሴን ጥዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

እማዬ ስትመጣ አባዬ ምግብ እያሞቀ ነገራት። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ይሰርቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው» አላት። «ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ልጆቹ ስፖርት የሚሠሩበት አዳራሽ ነው ምርጫው። ዳይሬክተሩ ኳስ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ይጠሯቸውና ተሞልቶ ያለቀ የምርጫ ወረቀት እጃቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እትዬ ታማራ ካፖርታቸው ውስጥ ይዘው ይወጣሉ፤ ሰው ዞር ሲል ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። እንቢ ያለች አስተማሪ ክፍሏን ትነጠቃለች። በሌላው ጊዜ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ አሉ። ልጄ ውሸት አልተናገረችም፣ ማንንም አልመታችም፤ ፍርድ የሚገባት እናቷ ናት አሉ። ስማቸውን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የዳይሬክተሩን ስም፣ ሁሉንም ተናገሩት።»

«ላኩት?»

«ለጠበቃዋ። ለአንዲት የቬራ ጓደኛም፤ ጋዜጠኛ ናት።»

እማዬ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «አንተ ትታያለህ?» አለችው።

«አልታይም።»

«ድምፅህስ?»

«አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው። ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ስትል ሰማኋት፤ ለማን እንደምትጸልይ አላወቅሁም። ቆይታ፣ «ቬራ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ ስድስት።»

«እኩያዬ ናት» አለች። ከዚያ ተነስታ ያሞቀውን ምግብ እንዳለ አንስታ ወደ ፊት ለፊቱ በር ተሻገረች።

ጋዜጠኛዋ በማግስቱ አወጣችው። እንዴት እንደተሰራጨ አላውቅም፤ የማውቀው የእትዬ ታማራ ስልክ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሆኖ እንኳ ሲንጫረር ይሰማ እንደነበር ነው። ልጃቸው ከአልበርታ ደውሎ ጮኸባቸው፣ ስልኩንም ዘጋባቸው።

ሰኞ ብሬክ ስለነበረ ከረፋዱ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነበርኩ። በረዶ ተጫውተን ገብተን ጓንቴ ማሞቂያው ላይ ነው። የታችኛው በር ደወል ጮኸ። እትዬ ታማራ አላነሱም። ደግሞ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። አንድ ሰው ሲገባ ተከትሎ ገብቶ ይሆናል። የሊፍቱ በር ሲከፈት ሰማን፤ ወደ እኛ የሚመጣ እርምጃ ሰማን። ያኔ ነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደረጉት።

ሁለቴ ብቻ አንኳኳ። በሩሲያኛ ዝግ ብሎ አንድ ነገር አለ። መልስ ሲያጣ በእንግሊዝኛ፣

«ብሌን? እዚያ ነሽ አይደል የኔ ቆንጆ? ቸኮሌት ይዤልሻለሁ። ክፈቺልኝ» አለ።

እንደዚያ ለስላሳ ድምፅ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። እጄ ሳላዝዘው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። እትዬ ታማራ እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ደም ሥራቸው ሲመታ ግን ይሰማኛል። ሁለታችንም መቀርቀሪያውን ይዘን እንደዚያው ቀረን።

ከዚያ የኛ በር ተከፈተ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ኬን አይ ሄልፕ ዩ?»

እማዬ ናት። ለሥራ ልትወጣ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ይህ አባባል ልርዳህ ማለት የማይሆንበት ጊዜ አለ።

«የቤተሰብ ወዳጅ ነኝ» አላት።

«የየትኛው ቤተሰብ? ያ የምትጠራት ልጅ የኔ ልጅ ናት።»

«ክፋት የለውም እመቤቴ፣ ስጦታ ነው።»

«ስጦታህን ይዘህ ውረድ። ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ፖሊስ ኮል ላድርግ ወይስ ራስህ ትሄዳለህ?»

 ከዚያ ቪክቶር አፉን ወደ በሩ አስጠግቶ በሩሲያኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ ሊፍቱንም ሳይጠብቅ በደረጃው ወረደ። እትዬ ታማራ ያን የተናገረውን ለአባዬ ሲነግሩት ቧንቧ አልከፈቱም። የፈረድሽባት አንቺ ነሽ፣ ነው ያላቸው። እማዬ ያን ቀን ሥራ አልሄደችም። ሦስታችንም የኛ ቤት ቁጭ ብለን ዋልን።

ሚያዝያ ላይ ቬራ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባት።

እትዬ ታማራ መብላት አቆሙ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ፊት ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ መጋረጃው ግን ተዘግቷል። ሲዲ አይሉኝም፣ ዬሽ አይሉኝም። አባዬ ልጅዎ ቀድሞም ይፈረድባት ነበር ይላቸዋል፤ አይሰሙትም። ቪክቶር እውነቱን ነው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። እኔም ይህን የሚያህል ጥፋት ያመጣው እውነት መናገር ከሆነ፣ ለምን አባዬ አልከለከላቸውም ብዬ አኮረፍኩት።

አንድ እሑድ ከቸርች እንደተመለስን እትዬ ታማራ ስልካቸውን ከፊታቸው ዘርግተው እየሮጡ ገቡ። የደወለችው የቬራ ጠበቃ ናት። ብቻቸውን መስማት ፈርተው ነው። አባዬ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ጠበቃዋ ቬራን አግኝታት ነበር፤ ቬራ ለእናቴ ንገሪልኝ ያለቻትን ጽፋ ይዛለች። በሩቁ ታነባለች፤ አባዬም ለእማዬ ብሎ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«‘እማዬ፣ ያልሽውን ሁሉ ነገሩኝ። እኔ ግን ድሮ አውቀው ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ኳስ ልመልስ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርኩ። ሲሰጡሽ አየሁ፤ ካፖርትሽ ውስጥ ስትከቺው አየሁ። ማታ ቤት ገብተሽ ድንች ጠበስሽልኝ፤ ምንም አላልኩሽም። አንድ ቀን ራስሽ ትነግሪኛለሽ እያልኩ ጠበቅሁ። ልጅ ሆኜ ጠበቅሁ፤ አስተማሪ ሆኜ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ቆሜም ጠበቅሁ። አሁን ነገርሽኝ። ስለ ፍርዱ አትጨነቂ፤ የሚፈርዱት ሳንናገርም ተስማምተውበት ነበር። እኔ ደህና ነኝ።’»

ጠበቃዋ እዚህ ላይ ቆመች። እትዬ ታማራ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ነጭ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ወድቋል፤ አላነሱትም።

«ነገ እንደገና እገባለሁ» አለች ጠበቃዋ። «ምን ልበልልዎት?»

እትዬ ታማራ አፋቸውን ከፈቱ።  ሁላችንም ጠበቅን። ይቅር በይኝ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እማዬም እንደዚያ እንደጠበቀች ነግራኛለች።

«ፀጉሯን ቆርጠዋታል?» አሉ።

«አልቆረጧትም። እንዳለ ነው።»

ከዚያ እትዬ ታማራ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ እጃቸው እያሳየ፣ ለጠበቃዋ መናገር ጀመሩ። አባዬ ትርጉሙን አቆመ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

«ምን አሉ?» አለች እማዬ ክንዱን ነክታ። «ግርማ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ጎንጉናው ትተኛ በያት እያሉ ነው» አላት። «ካልጎነጎነችው እንደሚቋጠርባት አውቃለሁ፤ ጠዋት ስታበጥረው ያማታል እያሉ ነው።»

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከስልኩ በኩል ጠበቃዋ እነግራታለሁ አለች።